እግር በእግር፦ የሩጫ ሰልፋችን ታሪክ

የውጭ ጋዜጠኛ አዲስ አበባ ሲመጣ የሚጠይቀው ነገር አይለወጥም። ከፍታችሁ ስንት ነው? ምን ትበላላችሁ? ትምህርት ቤት እየሮጣችሁ ነበር የምትሄዱት? ለሁሉም መልስ አለው። ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች፣ እንጦጦ ደግሞ ወደ 3,000 ይጠጋል። ጤፍ እንበላለን። ኃይሌ ገብረሥላሴም አሰላ አካባቢ ካለው ቤታቸው ትምህርት ቤቱ ድረስ 10 ኪሎ ሜትር ይሮጥ እንደነበር፣ ደብተር ያቅፍበት የነበረው ግራ ክንዱ ውድድር ላይም ታጥፎ እንደቀረ ያልሰማ የለም። ማንም ሳይጠይቀኝ የቀረው ዕድሜዬን የበላው ነገር ነው፦ ሰልፉ።

እኔ ስሜ ጋዜጣ ላይ ያልወጣ የክለብ ሯጭ ነበርኩ። በጃን ሜዳ አገር አቋራጭ ለቡድኔ ነጥብ ከሚያስቆጥሩት እንጂ መድረክ ከሚወጡት አልነበርኩም። ጎሕ ሳይቀድ የክለቡ ሰርቪስ እንጦጦ ያወርደናል። ብርዱ ጆሮ ይቆርጣል። ትንሽ እንፍታታና አሰልጣኙ አንዷን ጠርቶ «ዛሬ አንቺ ትመሪያለሽ» ይላታል። ሌሎቻችን ተራ ይዘን እንከተላለን። ባሕር ዛፉ ውስጥ ቀጥ ብሎ የሚሮጥ የለም። መሪዋ ዳገቱን እየተጠማዘዘች ነው የምትወጣው፤ ወደ ግራ ስትታጠፍ ሰልፉ እንዳለ ይታጠፋል። ሥሩ ያደናቅፋል፣ የረገፈው ቅርፊት ያንሸራትታል። ስለዚህ ዓይንሽ የሚያርፈው ከፊትሽ ባለችው ልጅ ተረከዝ ላይ ነው። የረገጠችበትን ትረግጫለሽ። ትንሽ ካፈነገጥሽ ወይም ክፍተት ከተውሽ ከኋላ ድምፅ ይመጣል፦ «እግሯን! እግሯን ተከተይ! ምን ታስቢያለሽ?»

ምን ታስቢያለሽ የሚለው ቀልድ አልነበረም። መጀመሪያ ላይ ሐሳብ ይበዛል። የቤት ኪራዩ፣ ለእናቴ ያልላክሁት ብር፣ ከትናንት ጀምሮ የሚያመኝ ጅማት። ከዚያ ሳይታወቅ ሐሳቡ እየሳሳ ይሄዳል። ጭቃ የያዘው ተረከዝ ብድግ ይላል፣ ያርፋል፤ የኔም እግር በዚያው ልክ። የስምንት ሰው ኮቴ አንድ ይሆናል፣ ትንፋሹም ይገጥማል። ዳገቱ አልቆ ሜዳው ላይ ስንወጣ አሰልጣኙ ሰዓቱን ያስቆምና ቁጥሩን ሲነግረን እርስ በርስ እንተያያለን። «ዛሬ እኮ አልተሰማኝም!» ትላለች አንዷ። «ኮንዲሽን ገብተሻላ!» ትላታለች ሌላዋ። ሁሉ ቀን እንዲህ አይሆንም፤ እግር እንደ እንጨት የሚደርቅበት ቀን ይበዛል። ሲመጣ ግን የመጣው በሰልፍ ነበር።

ሚሃይ ቺክሰንትሚሃይ የሚባል በትውልዱ ሃንጋሪያዊ የሆነ የሥነ ልቦና ሊቅ አሜሪካ ውስጥ ይህንኑ ነገር ሲያጠና ኖሯል። ተራራ ወጪዎችን፣ የቼዝ ተጫዋቾችን፣ ዳንሰኞችንና ቀዶ ሐኪሞችን አነጋግሮ በ1975 እ.ኤ.አ. የመጀመሪያውን መጽሐፉን አወጣ። ሰው በሥራው ፈጽሞ ሲዋጥ፣ ራሱን መታዘብ ሲተው፣ ጊዜው ሲያጥርበት ወይም ሲረዝምበት የሚሆነውን «ፍሎው» ብሎ ጠራው፤ ውኃ ሲፈስ እንደማለት ነው። በ1999 ደግሞ ከሱዛን ጃክሰን ጋር ሆኖ ስለ ስፖርተኞች ብቻ የሚናገር መጽሐፍ ጻፈ። እነሱ እንዳሉት ይህ ሁኔታ ዝም ብሎ አይመጣም። ዓላማው ግልጽ መሆን አለበት፤ እየሠራህ ያለኸው ትክክል ይሁን ስህተት ወዲያው ሊታወቅህ ይገባል፤ የሥራው ክብደትም ከችሎታህ ብዙ ሳይርቅ ግን ትንሽ ከፍ ያለ መሆን አለበት።

ይህን ሳነብ የታየኝ ያ ጭቃ የያዘ ተረከዝ ነው። ዓላማው ከአንድ ክንድ በማይበልጥ ርቀት ከፊቴ ነበር። ስህተቴ የሚታወቀኝ ክፍተቱ በተከፈተ ቅጽበት ነው። መሪ ሆና የምትቀድመን ልጅም አሰልጣኙ አውቆ የመረጣት፣ ከእኛ በጥቂት የምትሻል ነበረች። ሊቁ ከሰዎች ጠይቆ የደረሰበትን ሦስት ነገር የኛ አሰልጣኞች ጫካ ውስጥ በመስመር ደርድረው ሲሠሩበት ኖረዋል። ይህ ልማድ ከሰማይ አልወረደም። ያቆሙትና ያሻሻሉት ሰዎች አሉ።

እኔ እንደሚመስለኝ ሥሩ ያለው ክብር ዘበኛ ውስጥ ነው። ኦኒ ኒስካነን ፊንላንድ ተወልዶ ስዊድን ያደገ ሰው ሲሆን በ1946 እ.ኤ.አ. ወደ ኢትዮጵያ መጣ። እሱ ከመጣበት አገር ጎስታ ሆልመር በ1930ዎቹ ያስፋፋው ፋርትሌክ የሚባል ልምምድ ነበር፤ ጫካ ውስጥ እየፈጠኑ፣ እየቀነሱ፣ ደግሞ እየፈጠኑ መሮጥ ነው። ዛሬም የኛ ሯጮች ማክሰኞ ወይም ሐሙስ «ፋርትሌክ አለብን» ሲሉ ቃሉ ከስዊድን የመጣ አይመስላቸውም። ኒስካነን ያሠለጠናቸው ሰዎች ደግሞ ወታደሮች ነበሩ። አብረው መነሳት፣ አብረው መሰለፍ፣ ከፊት ያለውን ጠብቆ መራመድ ያውቁታል። የስዊድኑ የጫካ ሩጫና የወታደሩ ሰልፍ እዚያ ግቢ ውስጥ ተገናኙ።

ከዚያ ግቢ የወጣው አበበ ቢቂላ ሮም ላይ ያደረገውን ሁሉም ያውቃል። ቀኑ መስከረም 10 ቀን 1960 እ.ኤ.አ. ነው፤ በኛ ጳጉሜን 5 ቀን 1952፣ የአዲስ ዓመት ዋዜማ። በባዶ እግሩ 2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ ገባ። ሶቪየታዊው ሰርጌይ ፖፖቭ ይዞት የነበረውን የዓለም ፈጣን ሰዓት ከአንድ ሰከንድ ባነሰ ልዩነት አሻሻለው። ስለ ባዶ እግሩ ብዙ ተጽፏል። እኔን የሚገርመኝ ግን ሌላ ነገር ነው። አበበ እንዲጠብቀው የተነገረው ሞሮኳዊው ራዲ ቤን አብደሰላም ነበር፤ መለያ ቁጥሩ 26 ነው ተብሏል። ራዲ ግን የዚያን ቀን 185 ቁጥር ለብሶ ቀረበ። አበበ 26ን ከፊቱ ሲፈልግ ከአንድ 185 ቁጥር ከለበሰ ሰው ጋር ትከሻ ለትከሻ ሆኖ ጨለማ በወረደበት የአፒያ መንገድ ላይ፣ ወታደሮች በያዙት ችቦ ብርሃን ኪሎ ሜትሮቹን ጨረሰ። የሚፈራው ሰው አጠገቡ እንዳለ አላወቀም።

ቢያውቅ ኖሮ ምን ይሆን ነበር እያልኩ አስባለሁ። ሯጭ ስም ያለው ሰው አጠገቡ ሲሆን ትከሻው ይጨመደዳል፣ ትንፋሹ ይቆራረጣል። አበበ ግን የሚያየው መንገዱንና አብሮት ያለውን እርምጃ ብቻ ነበር። መነሻ ምልክቱን አስቀድሞ ከኒስካነን ጋር መርጦታል፦ የሙሶሊኒ ወታደሮች በ1937 ዘርፈው የወሰዱት የአክሱም ሐውልት በዚያን ጊዜ ቆሞበት የነበረው አደባባይ። እዚያ ሲደርስ ፍጥነቱን ጨመረና ከቆስጠንጢኖስ ቅስት ሥር ራዲን በ25 ሰከንድ ቀድሞ ገባ። ከሱ ጋር የሄደው አበበ ዋቅጅራም ሰባተኛ ወጥቷል፤ ይህን የሚያስታውስ ጥቂት ሰው ነው። አንድ ሰው ብቻ ተአምር ሠርቶ ቢሆን ኖሮ ሰባተኛው ከየት ይመጣ ነበር?

ቶኪዮ ላይ በ1964 ሰልፍ የሠራው ሰው ብቻውን መሮጥ እንደሚችልም ታየ። አበበ ትርፍ አንጀቱን በቀዶ ሕክምና ካስወጣ ስድስት ሳምንት ያህል ነበር የሆነው። በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ ገብቶ ሁለተኛውን በአራት ደቂቃ ከበለጠ በኋላ ሣሩ ላይ ተጋድሞ እግሩን እያነሳ ሰውነቱን ማፍታታት ጀመረ። ሕዝቡ በመገረም አየው። እኔ እንደ ሯጭ ሳየው ግን የማየው ልምምድ ጨርሶ የልምምዱን ማሰሪያ የሚሠራ ወታደር ነው። ኦሎምፒክ መሆኑ የዕለት ሥራውን አላስረሳውም።

በ1968 ሜክሲኮ ላይ እግሩ ተጎድቶ 17 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ሲያቋርጥ ከዚያው ከክብር ዘበኛ የወጣው ማሞ ወልዴ ወርቁን ወሰደ። ለኔ የሰልፉ ትርጉም ይኸው ነው፤ መሪው ሲወጣ ተከታዩ መንገዱን ያውቀዋል።

ቀጣዩ ትውልድ የምሩጽ ይፍጠር ነው። ሙኒክ ላይ በ1972 በ10,000 ሜትር ነሐስ አገኘ፣ የ5,000 ሜትሩ ግን አመለጠው። በ1976 አፍሪካውያን ሞንትሪያል ላይ አንሳተፍም ሲሉ አገራችንም ቀረች። ምሩጽ ሞስኮ የደረሰው ብዙዎች አርጅቷል በሚሉበት ዕድሜ ነው። በ10,000 ሜትሩ ከመሐመድ ከድርና ከቶሎሳ ቆቱ ጋር ሆነው መሪነቱን እየተቀባበሉ ሲያፈጥኑና ሲያቀዘቅዙ የፊንላንዶቹን ምት አፈረሱት። ፋርትሌኩን ስታዲየም ውስጥ አስገቡት ማለት ይቻላል። 300 ሜትር ያህል ሲቀር ምሩጽ ተፈናጠረ። «ማርሽ ቀያሪው» የሚለው ስም አብሮት የኖረው ከዚህ ነው። 5,000ውንም ደገመው።

ሰው ስለ ማርሹ ያወራል፤ እኔ ስለ መጠበቁ ማውራት እፈልጋለሁ። ሃያ አራት ዙር ያህል ሳይቸኩሉ መሮጥ ማለት በየእርምጃው ራስን ማዳመጥ ማለት ነው። በ1977 ዊልያም ሞርጋንና ማይክል ፖሎክ የተባሉ አሜሪካውያን ተመራማሪዎች ታላላቅ የረጅም ርቀት ሯጮችን ጠይቀው ያልጠበቁትን መልስ አገኙ። መካከለኛ ሯጮች ሕመሙን ለመርሳት ሌላ ነገር ያስባሉ፤ ዘፈን ያንጎራጉራሉ፣ ቤት በሐሳባቸው ይሠራሉ። ታላላቆቹ ግን ትንፋሻቸውን፣ እግራቸውንና ትከሻቸውን እየተከታተሉ «ዘና በል» ይሉታል። ሕመሙን አይሸሹትም፤ ያነቡታል። «ምን ታስቢያለሽ?» ብሎ ይጮህብን የነበረው አሰልጣኝ ይህን ጥናት እንዳላነበበ እርግጠኛ ነኝ። ቢያነበው ግን ምንም አይገርመውም ነበር።

ከዚያ በ1984ና በ1988 ሁለት ኦሎምፒኮች አመለጡን። ስንመለስ ባርሴሎና 1992 ነበር፤ በዚያን ጊዜ ብሔራዊ ቡድኑን የያዘው ሃንጋሪ የተማረው ወልደመስቀል ኮስትሬ ነው። ቁጣው የታወቀ ነበር፣ ሰዓት የሚያረፍድ ሯጭ ይጠላ ነበር። በሱ ዘመን ሴቶቹ ሰልፉን ያዙት። የደራርቱ ቱሉ የባርሴሎና ውድድር ለኔ የእግር መከተል መማሪያ ነው። ደቡብ አፍሪካዊቷ ኤላና ሜየር ብዙ ዙር ሲቀር ተነጥላ ወጣች። ደራርቱ ከኋላዋ ሄዳ ተለጠፈች። ሜየር «አንቺም ምሪ» ብላ መንገድ ብትለቅላትም አልወጣችም። ዙር በዙር ያን እግር ብቻ ተከተለች። የመጨረሻው ዙር ሲቃረብ ወጣችና ጨረሰችው። ጥቁር አፍሪካዊት ሴት የኦሎምፒክ ወርቅ ስታገኝ ያ የመጀመሪያው ነበር። ከዚያ ሁለቱ እጅ ለእጅ ተያይዘው ሜዳውን ዞሩ። ይኸው ደራርቱ በ2009 ኒው ዮርክ ማራቶን ላይ ፓውላ ራድክሊፍ ወደ ኋላ ስትቀር «ነይ፣ ነይ» ብላ ስታደፋፍራት ታየች፤ ውድድሩን ያሸነፈችውም እሷው ናት። በሰልፍ ያደገ ሰው ጓደኛው ክፍተት ሲተው ዝም ማለት አይችልም።

ደራርቱ፣ ፋጡማ ሮባ፣ ቀነኒሳ በቀለና ጥሩነሽ ዲባባ ከአንዲት የአርሲ ከተማ፣ ከበቆጂ መውጣታቸው ዓለምን ያስገርማል። እዚያ ስንታየሁ እሸቱ የሚባል የስፖርት መምህር ልጆቹን ገና ጠዋት እየሰበሰበ፣ ከፊት ትልቆቹን ከኋላ ትንንሾቹን አሰልፎ ሲያስሮጥ ኖሯል። የበቆጂ ልጅ አዲስ አበባ ክለብ ስትገባ እግር መከተልን ማንም አያስተምራትም፤ ይዛው ነው የምትመጣው።

ኃይሌ የሰልፉን ምት ወደ ሌላ ቦታ ወሰደው። በየካቲት 1998 እ.ኤ.አ. በርሚንግሃም ውስጥ የቤት ውስጥ የ2,000 ሜትር የዓለም ክብረ ወሰን ሲሰብር አዳራሹ ውስጥ «ስካትማን» የሚባለው ዘፈን እየተዘፈነለት እርምጃውን ከዘፈኑ ምት ጋር አገጣጥሞ ነበር። ከፊት የሚከተለው እግር ሲጠፋ ሙዚቃው እግር ሆነለት። ሲድኒ ላይ በ2000 ግን ፊቱ የነበረው የኬንያዊው ፖል ቴርጋት ጀርባ ነበር። በመጨረሻው መቶ ሜትር ተያይዘው መጥተው ኃይሌ በ9 መቶኛ ሰከንድ ቀደመው፤ 27 ደቂቃ ከ18.20 ለ27 ደቂቃ ከ18.29። በዚያው ኦሎምፒክ በ100 ሜትር ወንዶች ፍጻሜ በአንደኛውና በሁለተኛው መካከል የነበረው ልዩነት ከዚህ ይሰፋ ነበር።

ይህ ትኩረት ግን የማይሰበር ነገር አይደለም። ቀነኒሳ በጥር 2005 እ.ኤ.አ. እጮኛውን ዓለም ተካልኝን ያጣው ልምምድ ላይ ነው፤ የዓለም ታዳጊዎች የ1,500 ሜትር ሻምፒዮን የነበረች ልጅ ጫካ ውስጥ አብረው ሲሮጡ ወድቃ ሕይወቷ አለፈ። በዚያው ወር መጨረሻ ቦስተን ላይ በ3,000 ሜትር ሲወዳደር ዙር ተሳስቶበት ፍጻሜ ነው ብሎ አንድ ዙር ቀድሞ ፈነጠረና ተሸነፈ። ዙር መቁጠር የሚረሳ ሰው አልነበረም። ሐዘን ቁጥር እንደሚያስረሳ ያዘነ ሰው ሁሉ ያውቃል። በመጋቢት ግን ፈረንሳይ ላይ የዓለም አገር አቋራጭን አጭሩንም ረጅሙንም አሸነፈ። በነሐሴ ብራስልስ ላይ 10,000 ሜትርን በ26 ደቂቃ ከ17.53 ሮጠ፤ ክብረ ወሰኑ 15 ዓመት ቆመ። ከቦስተን እስከ ብራስልስ ያለው ሰባት ወር ስለ ታላቅ ብቃት ከተጻፈው ሁሉ ይልቅ ያስተምረኛል። ሐሳብ ሲበተን የሚሰበሰበው በየጠዋቱ ወደ ልምምድ በመመለስ ነው።

ሰልፉን ሳወድስ ጉድለቱን መደበቅ አልፈልግም። ብዙ ልጆች አራተኛ ሆነው ገብተው አራተኛ ሆነው ወጥተዋል። ሁልጊዜ የሚከተል ሰው መወሰን ይረሳል፤ ውድድር ላይ መሪ ሲጠፋ ግራ ይገባዋል። አንዳንድ አሰልጣኝ ደግሞ የደከመችውን ልጅ እስክትወድቅ ድረስ ያስከትላታል። ጥሩው አሰልጣኝ የሚለየው መሪነትን በማዟዟር ነው። ዛሬ የመራችው ነገ ትከተላለች፣ የምትከተለው ትመራለች። ምሩጽ፣ ከድርና ቶሎሳ ሞስኮ ላይ ያደረጉት ይህንኑ ነው። ይህ የሌለበት ሰልፍ ግን ልጆችን ከመጎተት አያልፍም።

አሁን ጫካ ስወጣ የማየው ለየት ያለ ነው። ወጣቶቹ ከፊታቸው ካለው እግር ይልቅ እጃቸው ላይ ያለውን ሰዓት በየደቂቃው ያያሉ። ሰዓቱ ጥሩ ነው፤ ርቀቱን ይነግራል። ነገር ግን «ኪሎውን በስንት ሄድን?» እያለ ራሱን የሚታዘብ ሯጭ ያ ራስን የሚያስረሳ ሁኔታ አይመጣለትም፤ ራሱን እያየ ነውና። ማናጀር ያለው ደግሞ የራሱን አሯሯጭ ይዞ ለብቻው ይሄዳል። ሱሉልታና ሰንዳፋ ላይ ሰልፍ የምንሠራበት ሜዳ ከዓመት ዓመት በአጥርና በግንባታ እየጠበበ ነው። ኮረኮንቹ አስፋልት ይሆናል፤ ጉልበት ደግሞ አስፋልት አይወድም።

ለወጣት አሰልጣኞች የምለው አለኝ። ቀላል ሩጫ በሚሆንበት ቀን ሰዓቱን ሰርቪስ ውስጥ አስቀምጡት፤ ልጆቹን ደርድሩ፤ መሪውን በየሳምንቱ ቀይሩ፤ ደካማዋን ከኋላ ሳይሆን ከመካከል አስገቧት። ለፌዴሬሽኑና ለከተማ አስተዳደሮች ደግሞ፦ ስታዲየም መሥራቱ መልካም ነው፤ አበበ፣ ምሩጽና ደራርቱ የተሠሩት ግን ሜዳና ጫካ ላይ ነው። የቀሩትን የልምምድ ቦታዎች ለይታችሁ በካርታ አስከብሩልን። ሜዳልያ ሲመጣ አደባባይ የምንወጣ ሰዎችም ጫካው ሲታጠር ዝም አንበል።